ድርሻዬ በካራንግሳሪ

ሮም፣ ኅዳር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ዛሬ ዕቃችንን ጨርሰን አስገባን። ሁለት ክፍል ነው፤ ኤስኲሊኖ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ጀርባ። ትራም ባለፈ ቁጥር ቁምሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። ልጄ ሣባ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "ማማ፣ ቤቱ ሁሉ ተደምሮ የድሮውን ሳሎናችንን አያህልም" አለችኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል፤ የሚባለውንና የማይባለውን መለየት ነበረባት። እዚሁ ሮም የነበረንን የድሮውን ቤት የተውነው ስላቃተን አይደለም። ለሁለት ሰው ስለማያስፈልግ ነው። እዚህ ላይ በግልጽ ልጻፈው።

ለሰው ማስረዳት የለብኝም፤ ለደብተሩ ግን ላስረዳ። ባለቤቴ ኃይለመለኮት የዓሣ እርባታ ባለሙያ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከግብርና ሚኒስቴር፣ እዚህ ያለ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ቀጠረው። መሥሪያ ቤቱም ጃቫ ላከው፤ ኢንዶኔዥያ፣ ካራንግሳሪ የምትባል የባሕር ዳር መንደር። ሦስታችንም ሁለት ዓመት እዚያ ኖርን። ባለፈው ሰኔ ሥራው አለቀ። ሰው ሁሉ ተመልሶ ሮም ይገባል ብሎ ሲጠብቅ፣ ኃይሌ ያጠራቀምነውን አውጥቶ ከመንደሩ ሰው ከፓክ ካርሶ ጋር በሽርክና የዓሣ ኩሬ ያዘ። የመንደሩ የዓሣ አርቢዎች ማኅበር የመኖሪያ ፈቃድ አወጣለት። እኔ ለሣባ ትምህርት ስል ተመለስኩ።

ሲጠይቁኝ "ሥራ ላይ ነው" እላለሁ። ውሸት አይደለም። ሥራ ላይ ነው።

ኅዳር 15

ኣስገደት መጥታ ነበር። የአስመራ ልጅ ናት፤ አንድ የጥርስ ሐኪም መኖሪያ ቤት ትሠራለች። ሠራተኛ ብትሆንም ጨዋ ናት። በቪያ ሜሩላና ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ሲኞራ ሰው ይፈልጋሉ አለችኝ። "ማጫወት ብቻ ነው" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ።

ለማጫወት ከሆነ ምን ከፋኝ። ሣባ ትምህርት ቤት ስትውል እኔ ብቻዬን ግድግዳ ከማይ።

ኅዳር 28

ሲኞራ ፒና ከምሳ በኋላ ይተኛሉ። ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

እዚህ ቤት አላጸዳም። ያየሁትን አቧራ ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ የቀኛዝማች ልጅ ነኝ፣ ቆሻሻ ቤት አላደግሁም። ምሳ የምሠራው እኔም ስለምበላ ነው። ዛሬ ገላቸውን አጠብኳቸው፤ ወንድ ልጃቸው እንዴት አድርጎ ያጥባቸው። ሰው ለጎረቤቱም ያደርገዋል።

ውጭ ዝናብ ነው። የሮም ዝናብ ቀጭንና ቀዝቃዛ ነው። የካራንግሳሪ ዝናብ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ከኩሬዎቹ ማዶ ድምፁ ይመጣል፣ ቀጥሎ የኮኮናቱ ዛፍ ይጎነበሳል፣ ከዚያ እላያችን ላይ ይወርዳል፤ ሰው ግን ሥራውን አያቆምም። ቤታችን የጣውላ ግድግዳና የሸክላ ክዳን ነበረው። በፊት ለፊት መንደሩ፣ በጓሮ ኩሬዎቹ፣ ከኩሬዎቹ ኋላ ባሕሩ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጨዋማው ነፋስ ዓይኔን እያስለቀሰኝ ተቸገርኩ። ነፋሱ ነበር።

ከዚያ ለመድኩ። ከመልመድም አለፍኩ። የፓክ ካርሶ ሚስት፣ ምቦክ ሙርኒ የምንላት፣ ዓሣን ከጀርባው ሰንጥቆ በጨው ማድረቅ አስተማረችኝ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የቤት አያያዝ አስተማሪ ነበርኩ፤ ዓሣው መሬት ላይ መሰጣቱን አስቀርቼ መደርደሪያ ያለው ዳስ አሠራሁ፣ ዝንብ እንዳይገባም በስስ ጨርቅ ጋረድነው። በዓመቱ የደረቀ ዓሣችንን ብለው ነጋዴዎች ከከተማ ይመጡ ጀመር። ሴቶቹ "ቡ ዘር" ይሉኛል፤ ዘርፈሽዋልን መጥራት አቃታቸው። "ቡ" ማለት "እሜቴ"፣ "ፓክ" ደግሞ "አቶ" እንደማለት ነው።

ኩሬው ተራ ጉድጓድ አይደለም። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው በመዝጊያ በር ይገባል፣ ሲጎድል ይወጣል። ዙሪያውን የጭቃ ክትር አለው። ክትሩ ከሌለ ኩሬ የለም፤ ሁሉም ባሕር ነው። ለዚህ ነው ኃይሌ ከክትሩ ፊት፣ በባሕሩ በኩል፣ ሥሩን ጭቃ ላይ እንደ ጣት የሚዘረጋውን ዛፍ እንትከል ያለው። ወንዶቹ ሳቁበት። እኔና ሙርኒ ሴቶቹን ይዘን እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን አንዱን ወገን ተከልነው። ሌላው ወገን ባዶውን ቀረ።

ሲኞራ ተነሡ። ይጠሩኛል።

ታኅሣሥ 11፣ እሑድ

ቅዱስ እስጢፋኖስ አስቀድሼ መጣሁ። ምነው በቀረሁ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ጀርባዬን ሰጥቼ ነጠላዬን ሳስተካክል የወሰንየለሽን ድምፅ ሰማሁ። ወሰንየለሽ የአቶ አምኃ ሚስት ናት፤ እሳቸው የኃይሌ የድሮ ባልደረባ ናቸው።

"ባሏ እኮ ጭቃ ውስጥ ዓሣ እየያዘ ነው አሉ" ትላለች። "ገንዘቡን ሁሉ በሰው ስም አኑሮታል። ነገ 'ማን ያውቅሃል' ቢሉትስ?"

ዞሬ ሳምኳት። ኃይሌ ደኅና መሆኑን፣ በጣም ሥራ እንደበዛበት ነገርኳት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

መሬቱ በፓክ ካርሶ ስም መሆኑ እውነት ነው። የዚያ አገር ሕግ ለውጭ ሰው መሬት አይሰጥም። በራሳችን ስም የነበረውስ? አዲስ አበባ የሠራነው ሁለተኛ ቤት ቀለሙ ሳይደርቅ በስድሳ ሰባት "ትርፍ ቤት" ተብሎ ተወሰደ። ስሙ የኛ ነበር፤ ካርታውም የኛ። በሰባ ዓመተ ምሕረት ደግሞ ኃይሌ ወደ አገር ግባ ተባለ። አልገባም። ከገቡት ጓደኞቹ ሁለቱ የት እንደደረሱ እስካሁን የሚያውቅ የለም። እና በስሜ ነው፣ በስሙ ነው ማለት ምን ዋስትና አለው? ቢያንስ ካርሶ ፊቱን አውቀዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለወሰንየለሽ መንገር ነበረብኝ። ሁልጊዜ መልሱ የሚመጣልኝ ትራም ላይ ነው።

ታኅሣሥ 20

ክዌስቱራ፣ የውጭ ሰው ወረቀት የሚወጣበት ፖሊስ ጣቢያ፣ ዋልኩ። የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ስላለቀ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ፣ የወጣው በሲኞራ ልጅ ፊርማ ነው። ሥራ በሚለው ቦታ ጸሐፊው "ዶሜስቲካ"፣ የቤት ሠራተኛ፣ ብሎ ጻፈ። ሰውዬው የሚያውቀው ቃል ያ ብቻ ነው መሰለኝ።

ሣባ እንዳታየው ከአንሶላዎቹ ሥር አስቀመጥኩት።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ከኃይሌ ምንም የለም። የዝናብ ወቅት ነው፤ መንገዱ ይበላሻል፣ ፖስታ ይዘገያል። ያ ነው።

ጥር 21

አቶ አምኃ ጃካርታ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ትናንት ገብተው ዛሬ እዚህ መጡ። አድራሻዬን ማን እንደሰጣቸው አላውቅም። ደረጃውን ወጥተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆሙ። ቤቱን ላለማየት ሲጠነቀቁ አየኋቸው።

"ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ እንዳይደነግጡ። ኃይሌ ደኅና ነው" አሉኝ።

ደኅና ነው ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ይዞ እንደመጣ አውቃለሁ።

በጥር መጀመሪያ ባሕሩ በማዕበል ሞልቶ መጥቶ ክትሩን ሰብሮታል። ዓሣው ተይዞ ሊሸጥ ጥቂት ነበር የቀረው። ሁሉም ወደ ባሕር ሄደ።

"ሰውስ?" አልኩ።

"ሰው አልተጎዳም።"

"ምቦክ ሙርኒስ? ዳሱስ?"

ግራ ገባቸው። ስለየትኛው ዳስ እንደምጠይቅ አላወቁም። ቀጥለው፣ "አሎራ፣ የመጣሁበት ሌላ ነገር ነው" አሉ። "መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቦታ ተከፍቷል። የጠረጴዛ ሥራ ነው፤ ግን ቋሚ። አለቆቹ ኃይሌን ይፈልጉታል። እስከ መጋቢት መጨረሻ መጥቶ ከፈረመ የሱ ነው። ጃካርታ ጠርቼ ነገርኩት፤ እሺም እምቢም አላለኝ። እርስዎ ቢነግሩት ይሰማል።"

"ባለቤቴ የሚያደርገውን ያውቃል" አልኳቸው።

ጥሩ መልስ ነበር። ከወጡ በኋላ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ መሽቶ ኖሮ፣ ሣባ መጥታ መብራቱን አበራችው።

ጥር 23

ቋሚ ሥራ። ሰፊ ቤት። የመሥሪያ ቤቱ የጉዞ ሰነድ፤ ኤምባሲ ደጅ መቆም አይኖርም። የሣባ ትምህርት። ቅዱስ እስጢፋኖስ ቀና ብሎ መግባት።

በሌላ በኩል ደግሞ ኩሬው።

ጥር 26

ለካራንግሳሪ ቅርብ ወደሆነው ከተማ ፖስታ ቤት ቴሌግራም ላክሁለት። ና አላልኩትም። "ቦታው አለ፤ ሣባ ትናፍቅሃለች፤ ቤቱ ብርድ ነው" ነው ያልኩት። ይወስን። እኔ ሰው አላስገድድም።

የካቲት 21

መጣ።

ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመን አንድ ከሲታ፣ ፀሐይ ያከሰለው ሰው ሻንጣ ይዞ ሲመጣ አየሁና ዓይኔን ከኋላው ወዳሉት ላክሁ፤ ኃይሌን ፍለጋ። "ፓፓ" ብላ የሮጠችው ሣባ ናት።

ጨው እግሩን ሰነጣጥቆታል። የድሮ ጫማው አልገባው አለ። ቤቱን አየ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ትራሙን አየ። "ጥሩ ቤት ነው፤ ነፋስ ያገኛል" አለ። ስለ ማዕበሉ አልጠየቅሁትም። እሱም አላነሣም።

"ጠዋት ጠዋት የት ትሄጃለሽ?" ሲለኝ፣ "የማውቃቸው አሮጊት አሉ፣ እጠይቃቸዋለሁ" አልኩት።

የካቲት 28

አቶ አምኃ ቤት ምሳ ተጠራን። ጾም ስለሆነ ምስርና ሽሮ ነበር። ወሰንየለሽ ኃይሌን እንደ በሽተኛ እያየችው "ብላ እንጂ፣ ምነው ከሳህ" ትለዋለች። አቶ አምኃ ስለ አዲሱ ቢሮ፣ ስለ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ስለሚታየው ሁሉ አወሩ። ኃይሌ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል።

"ለመሆኑ ያ ማዕበል እንዴት ነበር?" አለች ወሰንየለሽ በመጨረሻ።

ኃይሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ነፋሱ ከባሕር ነበር። ከቀትር ጀምሮ ውሃው አልጎድል አለ። ካርሶ ሰው ጠራ፤ መንደሩ በሙሉ ቅርጫትና ዶማ ይዞ መጣ። ጭቃ እየተቀባበልን ክትሩን ከፍ አደረግን። እኛ ክንድ ስንጨምር ባሕሩም ክንድ ይጨምራል። ከዚያ በአንድ ቦታ ተበሳ፤ ቀዳዳው ሰው አያሳልፍም ነበር። ካርሶ ገብቶ በጀርባው ደገፈው። እኔም ገባሁ። ስንገፋው ከነ ጀርባችን ወሰደን።"

"ይብላኝ ለዚያ ሁሉ ትምህርትህ" አለች።

ኃይሌ እንዳልሰማ ሆኖ ወደኔ ዞረ። "ዛፍ ያለበት ወገን አልፈረሰም" አለኝ። "እናንተ የተከላችሁት። ከዚያ ኋላ ያሉት ቤቶች ውሃ አልነካቸውም። አሁን ወንዶቹ ራሳቸው ችግኝ እየለቀሙ ነው።"

ሽሮውን በላሁ። ግን ከዚያ ገበታ እንደኔ ኮርቶ የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ማንም አላወቀም እንጂ።

መጋቢት 7

ሙሉ ልብስ ገዛንለት። ያምርበታል። ቢሮውን አይቶ መጣ። "እንዴት ነው?" አልኩት። "ንጹሕ ነው" አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ወርዶ ዓሣ ሻጮቹ ጋ ይቆማል። ሣባ አብራው ሄዳ ነበር። የዓሣውን ስንጥብ ገልጦ ሲያይ ሻጩ ተቆጣው አለችኝ። "ማማ፣ ፓፓ እዚህ የታመመ ይመስላል" አለች። የጉዞ ድካም ነው አልኳት። ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ መሆኑን ታውቃለች።

መጋቢት 17፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጽፍ ነው።

ከፋርማሲ መድኃኒት እስኪመጣ የሲኞራን በር ገርበብ አድርጌ ትቼው ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን በሳፋ አጥባለሁ። ሰው ገባ። የፋርማሲው ልጅ መስሎኝ ቀና ብል ኃይሌ በአዲሱ ልብሱ ቆሟል። ሣባ ናት አድራሻውን የሰጠችው። ለካ ሁሉን ታውቅ ኖሯል።

ብነሣ መሸሽ ይመስላል፣ ብቀመጥ ደግሞ... የሲኞራ እግር እጄ ላይ ነው።

"ቦንጆርኖ ሲኞራ" አላቸው። ጎንበስ ብሎ ሳፋውን ነካና፣ "ውሃው ቀዝቅዟል" አለኝ። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለ፣ ሳፋውን አንሥቶ ወጥ ቤት ገባ፣ ሙቅ ውሃ ቀድቶ መጣ። አጠገቤ ተንበርክኮ ፎጣውን ያዘ።

"ይኼ ማነው?" አሉኝ ሲኞራ።

"ባለቤቴ ነው።"

"ምን ይሠራል?"

ኃይሌ አየኝ። ሰኞ የሚፈርመው ሥራ ከነማዕረጉ አፌ ላይ ነበር።

"ዓሣ ያረባል" አልኩ።

"ብራቮ" አሉ። "የኔም ባል ነፍሱን ይማረውና ሥጋ ሻጭ ነበር።"

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። መንገድ ላይ ኃይሌ ጀመረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከኅዳር።"

"እኔ ገንዘብ ስላልላክሁልሽ ነው።"

"አልጠየቅሁህም።"

"አልጠየቅሽኝም። ሰኞ እፈርማለሁ፤ ከእንግዲህ ይህን አትሠሪም።"

ቆምኩ። ሰው ግራና ቀኝ ያልፈናል። "ይህን ማለት ምን ማለት ነው? አሮጊት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ ወለሉንም እወለውላለሁ። በደንብ ነው የምሠራው። ይህን አይተህ አፍረህ ከሆነ የምትፈርመው፣ በኔ አታሳብ።"

"ዘርፌ፣ ላንቺ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"አውቃለሁ። የጠራሁህ እኔ ነኝ።"

ይህን ስለው ራሴም ገና መስማቴ ነበር።

ከዚያ የምፈራውን ጠየቅሁት። "ካርሶ ይሸጠዋል?"

"ከከተማ አንድ ነጋዴ ጠይቆታል። ክትሩ ስለፈረሰ በርካሽ ሊወስደው ነው። ካርሶ 'ኃይሌ ሲመለስ እንነጋገራለን' ብሎታል።"

"ይጠብቅሃል?"

"አላውቅም" አለኝ።

ያላወቀውን አወቅሁ አይልም። ስንጋባም እንዲህ ነበር።

"ዳሱስ?"

"ቆሟል። ቁልፉ ሙርኒ ጋ ነው። ሴቶቹ ለሌላ ሰው አንከፍትም ይላሉ። 'ቡ ዘር ስትመጣ' ነው የሚሉት።"

ቤት ገብተን የሠራሁበትን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የቤቱን ኪራይና የሣባን ወጪ ችዬ የተረፈኝ ነው። "ይኼ ለክትሩና ለዓሣ ጫጩት ነው" አልኩት። "ስጦታ እንዳይመስልህ። ድርሻ ነው። ካርሶ ስሙ አለበት፣ አንተ ገንዘብህ አለበት፤ እኔ እስከ ዛሬ የባለ ኩሬው ሚስት ነበርኩ። ሦስተኛ ባለድርሻ አለች ብለህ ንገረው።"

"ክትሩ እንደገና ቢፈርስስ?"

"ያን ጊዜ ሦስታችንም እንከስራለን።"

ሮም ከገባ ጀምሮ ሲስቅ የሰማሁት ዛሬ ነው።

መጋቢት 20

አልፈረመም። አቶ አምኃ ተቀይመዋል። "ሰው እንዲህ ያለ ዕድል ይረግጣል?" ብለውታል። ኃይሌ አመስግኖ ወጣ።

ፈርቻለሁ። ግን እንቅልፍ ተኝቻለሁ።

ሚያዝያ 3፣ ሆሣዕና

ወሰንየለሽ ወሬው ገና አልደረሳትም መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዘንባባ ይዛ አቀፈችኝ። "እንኳን ደስ ያለሽ እቴ፤ ባልሽ ወደ ክብሩ ተመለሰልሽ።"

"ባለቤቴ ከክብሩ ወርዶ አያውቅም" አልኳት። "ቢሮውን አልፈለገውም። ካራንግሳሪ ዓሣ ያረባል። እኔም እዚህ ሰው ቤት እሠራለሁ፤ የሣባ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ኩሬያችን እሄዳለሁ።"

ኣስገደት ከኋላ ሆና ትሰማለች።

"በሰው አገር፣ በሰው መሬት?" አለች ወሰንየለሽ። ድምፅዋ ላይ ክፋት አልነበረም፤ እውነትም አዝናልኝ ነበር።

"እዚህስ በማን አገር ነው ያለነው?" አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ ከትራሙ በፊት መጣልኝ።

ሚያዝያ 14

ፋሲካን አብረን ውለን ኃይሌ ዛሬ ሄደ። ሙሉ ልብሱን እዚህ ትቶታል።

ግንቦት 12

ምንም ወሬ የለም።

ግንቦት 20

ምንም። ሲኞራ ሁለት ሰሃን ሰበሩ። እኔ አንድ።

ግንቦት 27

ኣስገደት "ካርሶ ሸጦት ቢቆይስ?" አለችኝ። ሌላ ኩሬ እንይዛለን አልኳት። በምን እንደምንይዝ አልጠየቀችኝም፤ ጨዋ ናት።

እውነቱን ለመናገር ኅዳር ላይ "ሠራተኛ ብትሆንም ጨዋ ናት" ብዬ መጻፌ አሁን ሳየው ደስ አይልም። ፔርሜሶዬን ከአንሶላዎቹ ሥር አውጥቼ ሌሎቹ ወረቀቶች ጋ አደረግሁት።

ሰኔ 5

ቴሌግራም መጣ። አንድ ቃል ነው። "ኑ።"

ክትሩ ቆሟል አይልም፣ ፈርሷል አይልም፣ ተሸጧል አይልም። ሣባ ገልብጣ ከኋላ አየችው። "ቱቶ ኩዊ?" አለች። ይኸው ነው አልኳት። አባትሽ ቃል ይቆጥባል።

ቲኬት ቆረጥን።

ሰኔ 10

ሲኞራን ተሰናበትኩ። ከኔ በኋላ የኣስገደት የአክስት ልጅ ትገባለች፤ እግራቸውን በሙቅ ውሃ እንጂ በለብታ እንደማይወዱ ነግሬያታለሁ። ሲኞራ እጄን አልለቅ አሉ።

"ለባልሽ ብለሽ ነው የምትሄጂው?" አሉኝ።

"አይደለም ሲኞራ። ሥራ አለኝ" አልኳቸው።

ካራንግሳሪ፣ ሰኔ 24

ደርሰናል። ከከተማው በአውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ በፈረስ ጋሪ። ጋሪው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሣባ ተነሥታ ቆመች፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። "ማማ፣ እዪ" አለችኝ።

ክትሩ ቆሟል። ከድሮው የሰፋና የከበደ፣ ጭቃው ገና ቀለሙ ያልበሰለ፣ ከፊቱ በሁለቱም ወገን ችግኝ የተሰለፈ። ኃይሌ እንደነገረኝ እሱ በሚያዝያ ሲመለስ የመንደሩ ሰዎች ግማሹን ሠርተውት ነበር የጠበቁት። ያዘዛቸው ሰው የለም። ነጋዴው ሁለት ጊዜ መጥቷል። ሁለተኛውን ጊዜ ካርሶ "ኩሬው ባለድርሻ በዝቶበታል፤ አንዷ ሮም ናት፣ ሄደህ እሷን ጠይቃት" ብሎ መለሰው። ይህን ካርሶ ራሱ ሲነግረኝ ሙርኒ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ለምን ቴሌግራሙ ላይ አልጻፍክም ብዬ ኃይሌን ተቆጣሁት። "ብጽፈው ክትሩን አምነሽ ትመጪ ነበር" አለኝ። ተናደድኩ። ከዚያ ንዴቱ አለፈኝ።

ዛሬ ጠዋት የዓሣ ጫጩቶቹ መጡ። ሴቶቹ ከባሕሩ ዳር በመረብ የለቀሟቸው ናቸው፤ በሸክላ ማሰሮ ተሸክመው ክትሩ ላይ ተሰለፉ። አዲሱ የመንደሩ ሹም ቆመው ነበርና እኔን አይተው ማን ናት ብለው ጠየቁ። የኃይሌ ሚስት ትባላለች ብዬ ስጠብቅ ካርሶ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "ከባለ ኩሬዎቹ አንዷ ናት" አላቸው።

ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ውሃው ለብ ያለ ነው። ሙርኒ አንዱን ማሰሮ አቀበለችኝና ውስጡን አየሁ። መጀመሪያ ባዶ መሰለኝ። ጫጩቶቹ እንደ መርፌ ቀጭን፣ እንደ ውሃ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ከነሱ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው። ማሰሮው ሙሉ ዓይን ነበር።

"ቀስ አድርጊው ቡ ዘር" አለችኝ ሙርኒ። "መጀመሪያ ውሃውን ይልመዱት።"

ማሰሮውን ኩሬው ውስጥ አጋድሜ ይዤ፣ አንድ በአንድ እስኪወጡ ጠበቅሁ።